የኪዳኔ ሙት ዓመት በኮልፋክስ

በአሜሪካዋ የኦሮራ ከተማ ሐበሻ ዘንድ መርዶ የሚናገረው ሰው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ጋሽ ብዙነህ ናቸው። የዕድሩ ሊቀ መንበር ከሆኑ ወዲህ በማለዳ በር ካንኳኩ፣ ሰው በሩን ሳይከፍት ማልቀስ ይጀምራል። ስለዚህ ለሌላ ጉዳይ ሰው ቤት ሲሄዱ መንገድ ላይ ሆነው ይደውሉና፣ "ለደህና ነው የምመጣው፣ ለደህና ነው" ይላሉ። ሥራቸው ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ቫን መንዳት ነው። ሥራቸውን አይጠሉትም፤ ከሥራቸው ይልቅ ግን ዕድሩን ይወዳሉ፤ ከዕድሩም ይልቅ "ጋሽ ብዙነህ ያውቁበታል" መባልን ይወዳሉ። ደግሞም ያውቁበታል። በቀኝ ማን፣ በግራ ማን እንደሚቆም፣ ውሃውን ማን እንደሚይዝ፣ የመጀመሪያዋ ቃል መቼ እንደምትወጣ አሳምረው ያውቃሉ።

ባለፈው ዓመት የፋሲካ ሰሞን ለአፀደ መርዶ የነገሯት እሳቸው ነበሩ። አፀደ ቻምበርስ ሮድ ላይ አንድ አፓርትመንት ውስጥ ትኖራለች፤ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሰው እናትና አባት ስታገላብጥ ትውላለች። አሜሪካ ውስጥ የነበራት ዘመድ ወንድሟ ኪዳኔ ብቻ ነበር። ኪዳኔ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መጠጥ መንጃ ፈቃዱን አስነጠቀው፤ መንጃ ፈቃዱ ሥራውን ይዞበት ሄደ፤ ከሥራው በኋላ ጸባዩም ሄደ። አንድ ቀን ከእህቱ ጋር ክፉኛ ተጣሉና "ላስ ቬጋስ ሥራ አለ" ብሎ ከቤቷ ወጣ። ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ።

ወሬው የመጣው ከላስ ቬጋስ ነው። ኪዳኔ የሚባል፣ ኦሮራ የኖረ፣ ሹፌር የነበረ ሰው ጎዳና ላይ ታሞ ሞቷል፤ የዚያ አገር ሐበሾች ተሰብስበው ቀብረውታል ተባለ። አንዱ ለአንዱ ነገረ፤ ያኛው ለቄሱ፤ ቄሱ ለጋሽ ብዙነህ። ጋሽ ብዙነህም ላስ ቬጋስ ደወሉ። "እርግጥ ነው?" አሉ። "በእጃችን ነው አፈር ያለበስነው" ተባሉ። የአባቱን ስም አልጠየቁም። ይህችን ልብ በሉልኝ። ሞቶ ተቀበረ ለተባለ ሰው የአባት ስም መጠየቅ ፖሊስነት መሰላቸው፤ ፎቶ ላኩ ማለትማ ጭራሽ ነውር ነው። የኛ ሰው ለቤት ኪራይ ውል የአያቱን ስም ሳይቀር ይጽፋል፤ ለሞት ግን "ኪዳኔ" በቃው።

ሲነግሯትም እሷ አልጠየቀችም። መርዶ ይዞ የመጣን ሽማግሌ "ማን ነገረዎት? እንዴት አወቁ?" ብሎ የሚያፋጥጥ ማን አለ? እያንዳንዱ ከእሱ በፊት ያለው አጣርቷል ብሎ ተቀበለ፤ ተለቀሰ፤ ፍትሐት ተደረገ። ጎዳና የምትለዋ ነገር ደግሞ ተደበቀችና ለሕዝቡ "ድንገተኛ ሕመም" ተባለ። ምክንያቱም ሐበሻ ጎዳና አይወጣም። ይህን ስንት ጊዜ ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ! ሌላው ይወጣል፤ ሐበሻ ግን ዘመድ አለው፣ ቤተ ክርስቲያን አለው፣ አይወጣም። አፀደ መቃብሩን ካላየሁ ብላ ነበር። ስኳርም ደም ግፊትም አለባት፤ "ዓመቱ ይውጣና እኛው እንወስድሻለን" ብለው አስቀሯት።

ዓመቱ ወጣ። አፀደ ግን ለሙት ዓመቱ አዳራሽ ተከራዪ ስትባል እምቢ አለች።

"የጠገበ ሰው አላበላም" አለቻቸው ጋሽ ብዙነህን። "የሞተው የት እንደሆነ እርስዎም እኔም እናውቃለን። እንደሱ ውጭ የሚያድረውን ነው የማበላው። ለነፍሱ ይህችን ካደረግሁለት እኔም ትንሽ ይቀለኛል። ጥቁሬንም በዚያው ቀን አወልቃለሁ።"

ጋሽ ብዙነህ እንባቸው መጣ። ነገሩን በእጃቸው ያዙት፤ ኮልፋክስ መንገድ ላይ የተዘጋ ሱቅ ፓርኪንግ አስፈቀዱ፣ ታጣፊ ጠረጴዛ ጫኑ፣ ከዕድሩ ሁለት ሴቶች አስተባበሩ። አንዷ ጌጥነሽ ናት፣ ዝምተኛ፣ እንጀራ ስትጠቀልል ቀና የማትል። ሁለተኛዋ ወይንሸት ናት፤ በቅርብ ከግሌንዴል ወደ ኦሮራ የመጣች፣ እጇ ለጋስ፣ አፏ ደግሞ የማያርፍ። ኪዳኔን በሕይወቷ አይታው አታውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት በረዶ ጥሎ ነበር፤ ወደ እኩለ ቀን ፀሐይ ወጣችና ፓርኪንጉ ሁሉ ውሃ በውሃ ሆነ። ሰልፉ ካሰቡት በላይ ረዘመ። ብርድ ልብስ የተከናነበ አለ፣ ንብረቱን በሱቅ ጋሪ የሚገፋ አለ፣ አንድ ረጅም ነጭ ደግሞ ውሻውን በገመድ ይዟል። ምስሩ በርበሬው ተቀንሶለታል፤ ጥቅል ጎመን በድንች አለ፣ ሩዝ አለ። የመጀመሪያው ዙር ቶሎ እያለቀ ስለሆነ አፀደ የቀረውን ልታመጣ ወደ ቤቷ ሄዳለች።

ወይንሸት ሕግ አውጥታለች። ነፍስ ይማር ያላለ ሳህን አያነሳም።

"ሴይ ነፍስ ይማር፣ ሃኒ! ለሞተው ሰው ነው፤ ፎር ሂዝ ሶል!"

"ኔፊሽ ይማ!" ይላሉ፤ ይስቃሉ። ባለ ውሻው "ውሻውም ይበል ወይ?" ብሎ ጠየቀና አንድ ጉርሻ ለውሻው አስጨመረ። ጋሽ ብዙነህ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር፤ ኋላ ግን ይህ ሁሉ ሰው በተሰበረ አፉ ለኪዳኔ ምሕረት ሲለምን ሆዳቸው ባባ። ነገሩ ያምራል። እንዲህ ያለ ሙት ዓመት በኦሮራ አልተደረገም፤ ነገ በቤተ ክርስቲያን ይወራል። ይህንንም ማሰባቸው አልቀረም።

የሩዙ ትሪ አለቀና ሌላውን ሊያወጡ ከቫኑ ጀርባ አጎነበሱ። ፎይሉን ሲልጡ ከወዲያ በኩል አንድ የወንድ ድምፅ ሰሙ።

"ነፍስ ይማር።"

ይሄኛው አልተሰበረም። ሰንበቴ ላይ ያደገ ሰው እንደሚለው፣ ረጋ ብሎ፣ ከልቡ ነው ያለው። የጋሽ ብዙነህ እጅ ፎይሉ ላይ ቀረ።

"ውይ በሞትኩት! ሐበሻ ነህ እንዴ?" አለች ወይንሸት።

ሰውየው ሳህኑን ይዞ ራቅ አለና ቆመ። አንገቱን እንደደፋ ተመልሶ መጣ።

"ሟቹ ማን ይባላል?" አለ። የማንን ተዝካር እንደሚበላ ሳይጠይቅ መጉረስ አልሆነለትም።

"ኪዳኔ ይባላል፣ የኔ ወንድም። ሙት ዓመቱ ነው። እኔ እንኳ አላውቀውም፤ የአፀደ ወንድም ነው።"

"የቷ አፀደ?"

"የቻምበርሷ! ነርሲንግ ሆም የምትሠራው። ታውቃታለህ?"

ጋሽ ብዙነህ ትሪውን ታቅፈው ከቫኑ ጀርባ ወጡ። ሰውየው ጃኬቱን በጃኬት ላይ ደርቧል፤ ጺሙ እስከ ደረቱ ወርዷል፤ ኮፍያው ዓይኑን ሸፍኖታል። ቀና አለ። አፉ ሲከፈት ያ የሚያውቁት የፊት ጥርሱ ፍንጭት ታየ።

ትሪው ከእጃቸው አመለጠ። ሩዙ ውሃው ላይ ተበተነ።

"ጋሼ ብዙነህ" አለ ሰውየው። "እኔ ነኝ እንዴ የሞትኩት?"

ክው አሉ። ስንት ቤት መርዶ ይዘው ገብተው አንዴ እንኳ ተደናቅፈው የማያውቁት ሰው ምላሳቸው ታሰረ። አማተቡ። ደግመው አማተቡ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የጃኬቱን እጅጌ ነኩ፤ እርጥብ ነው። ጣቱን ነኩ፤ ይሞቃል። የቫኑን በር ተደግፈው ቆሙ።

"ላስ ቬጋስ..." አሉ በመጨረሻ። "ላስ ቬጋስ ቀበርነው አሉን።"

"ላስ ቬጋስ ረግጬም አላውቅ። የአውቶብሱን ቲኬት ሳልቆርጥ በገንዘቡ ጠጣሁበት።"

"ኪዳኔ አሉን። ሹፌር ነበር አሉን። ኦሮራ የኖረ አሉን።"

ኪዳኔ ትንሽ አሰበ። "እንግዲያው ሌላ ኪዳኔ ነዋ። ይሄን ሁሉ ለእኔ ካለቀሳችሁ ለእሱ ማን አለቀሰለት?" አለ። ሳህኑን አየው። ሊስቅ ሞከረ። "የራሴን ተዝካር ልበላ ነበር'ኮ" አለና ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠው።

ወይንሸት በሁለት እጇ አፏን ይዛለች። ጌጥነሽ እንኳ ቀና ብላለች። ሰልፉ ቆሟል፤ ባለ ውሻው "ምን ሆኑ? ምን ተፈጠረ?" ይላል።

"እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ!" አሉ ጋሽ ብዙነህ፤ አሁን ገና ነፍሳቸው ተመለሰች። "ቆይ፣ የትም እንዳትሄድ። አፀደ እየመጣች ነው፤ አሁን ትደርሳለች።"

ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ።

"አፀደ? እዚህ?"

"እህትህ ናት'ኮ ይህን ሁሉ ያዘጋጀችው! ዓመት ሙሉ ጥቁር ለብሳ!"

"አይሆንም ጋሼ። በዚህ መልኬ አታየኝም።" ወደኋላ መራመድ ጀመረ። "እሷ አንዴ ቀብራኛለች፤ አልቅሳ ወጥቶላታል። ሰካራም ወንድም ሆኜ ልነሳባት? ሙቼ መቅረቴ ይሻላታል። አየሁት እንዳይሏት፤ በእመብርሃን ይዤዎታለሁ።"

"ኪዳኔ! አንተ ልጅ!"

ዞሮ ሄደ። ፓርኪንጉን አቋርጦ ወደ አውቶብስ ማቆሚያው አመራ፤ አሥራ አምስት ቁጥር ከሩቅ ይመጣል። ጋሽ ብዙነህ ሊከተሉት ሁለት እርምጃ ሄዱ። ይህ ሰው ዛሬ አውቶብሱ ላይ ከወጣ ተመልሶ እንደማይገኝ ገብቷቸዋል። በዚያው ቅጽበት የአፀደ መኪና ከኮልፋክስ ታጥፋ ፓርኪንጉ ውስጥ ገባች።

"ይኸው መጣች! በቃ ጮክ ብለን እንጥራትና እናሳያት!" አለች ወይንሸት።

"አብደሻል? ስኳር አለባት፣ ደም ግፊት አለባት፤ በድንጋጤ እዚሁ ትውደቅብን? ነገር በሥርዓቱ ነው የሚነገረው!"

ሥርዓት! ሰውየው አውቶብስ ሊሳፈር ነው፣ እሳቸው ሥርዓት ይላሉ። ግን አትፍረዱባቸው፤ ሰው ሲደነግጥ የሚይዘው የለመደውን ነው። ለሞት የሚሆን ሥርዓት ያውቃሉ፤ "የሞተው አልሞተም" ለማለት የሚሆን ሥርዓት ግን ማንም አላስተማራቸውም፣ የለምም። ስለዚህ ያንኑ የሚያውቁትን አደረጉ።

"ወይንሸት በቀኟ ሁኚ። ጌጥነሽ በግራ፤ ክንዷን ያዝ አድርጊ። ውሃ ያዙ።" ኮፍያቸውን አወለቁ። ፊታቸውን አስተካከሉ።

አፀደ ሞተሩን አጥፍታ ወረደች። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ነጠላ። የኋላውን በር ልትከፍት እጇን ስትዘረጋ አየቻቸው። ወይንሸት እንባ እያነቃት በቀኝ ትመጣለች። ጌጥነሽ በግራ፣ ውሃ ይዛለች። ጋሽ ብዙነህ መሃል፣ ባዶ ራሳቸውን፣ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው።

ይህን አሰላለፍ ታውቀዋለች። የዛሬ ዓመት መርዶ ነጋሪዎቹ በሯ ላይ እንዲሁ ነበር የቆሙት።

"ምንድነው?" አለች። "ጋሼ፣ ምንድነው?"

"ምንም አይደለም ልጄ፤ ረጋ በይ። እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ።"

ከዚህ የከፋ ቃል ሊመርጡ አይችሉም ነበር። "ምንም አይደለም፤ ቁጭ በይ" ተብሎ በሐበሻ ምድር ደህና ወሬ ተነግሮ አያውቅም። አፀደ ወንድሟን ቀብራለች፤ ከዚህ በኋላ የሚነገራት አገር ቤት ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀራት። በሁለት እጇ ራሷን ያዘች።

"እማዬን!" ብላ ጮኸች። "እማዬን ነው! ወይኔ እማዬ! እማዬን!"

"አይደለም! ኧረ አይደሉም!" ይላሉ ጋሽ ብዙነህ። ማን ሰምቷቸው! ወይንሸትና ጌጥነሽ ክንዷን ይዘው ይታገላሉ፤ ክንዷን በያዟት ቁጥር እርግጠኛ ሆና ትብስባቸዋለች። ጩኸቷ ፓርኪንጉን ሞላው፤ መንገዱንም ተሻገረ።

አውቶብሱ ቆሞ በሩ ተከፍቷል። ኪዳኔ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አውጥቷል። "እማዬን" የሚለውን ሰማ። ሹፌሩ ትገባለህ ወይስ አትገባም ይለዋል፤ እሱ ዞሮ ያያል። ከዚያ እግሩን መለሰ። መኪና ጡሩንባ ሲነፋበት፣ ጫማው ከእግሩ ሲወልቅ፣ ሳያይ ሳይሰማ ሮጠ።

"እማዬ ሞተች?" እያለ ነው የመጣው። "አፀደ! እማዬ መቼ ሞተች?"

አፀደ ጩኸቷ አፏ ውስጥ ደረቀ።

 ኪዳኔ እሷ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ፤ ልብሱን አየ፣ እገማለሁ ብሎ ይሁን እንጃ፣ አልቀረባትም። እንባው ጺሙ ውስጥ ይገባል። "ንገሪኝ እንጂ፤ እማዬ ሞተች?" አለ እንደገና።

አፀደ ወደኋላ ሄደች፤ መኪናዋ ያዛት። "በስመ አብ" አለች በሹክሹክታ። "አንተ'ኮ ነህ የሞትከው።"

"እማዬስ?"

"አንተ'ኮ ነህ የሞትከው!"

"ማንም አልሞተም!" ብለው ጮኹ ጋሽ ብዙነህ፤ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። "እናትሽም ደህና ናቸው! እሱም ይኸው! ማንም አልሞተም፣ የሞተው ሌላ ሰው ነው!"

አፀደ ቃሉን የሰማች አትመስልም። ቀስ ብላ ሄደች። ጺሙን ነካችው። ጆሮውን ያዘችው፤ ልጅ ሆኖ ሲያጠፋ እንደምትይዘው ጠምዝዛ ያዘችው። ከዚያ በጥፊ መታችው። ደገመችው። ሦስተኛውን ስትሰነዝር እጇ መንገድ ላይ ቀረና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ለቅሶው የዛሬ ዓመቱ ለቅሶ ነበር፤ ያው ዜማ፣ ያው "ወንድሜን"። ሌላ የምታለቅስበት አልነበራትም። ሰልፉ ላይ ያሉት ሰዎች ኮፍያቸውን አወለቁ። የገባቸው ነገር የለም፤ ግን አወለቁ።

ቆየች። ኋላ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ "የት ነበርክ?" አለችው።

"እዚሁ።"

"የት እዚሁ?"

"ቻምበርስ ማዕዘን ላይ፣ የትራፊክ መብራቱ ጋ። ካንቺ ቤት ዝቅ ብሎ። መኪናሽን ሳይ ከአጥሩ ጀርባ እገባለሁ፤ ስታልፊ እወጣለሁ።"

"ይሄን ሁሉ ጊዜ? እኔ ስቀብርህ፣ እኔ ፍትሐት ሳስደርግልህ አንተ በሬ ላይ?" ድምፅዋ እንደገና ወጣ። "በዚያ መንገድ ስንት ሐበሻ ያልፋል! አንድ ሰው እንኳ አላየህም? አንድ ሰው?"

ኪዳኔ መሬት መሬት አየ።

"ጋሼ ብዙነህ አይተውኛል።"

የሁሉም ፊት ዞረ። ጋሽ ብዙነህ ኮፍያቸውን እንደያዙ ናቸው።

"ባለፈው ሰመር ነው፤ ያ ሙቀት ጊዜ። ቫናቸውን መብራት ያዘው። መስኮቱን ከፍተው ውሃ ሰጡኝ። 'እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ ብዙነህ' አልኳቸው። በአማርኛ። አውቀውኛል ብዬ ደንግጬም ነበር።" ትከሻውን ነቀነቀ፤ ክስ አልነበረም፣ የሆነውን ነው የተናገረው። "መስኮቱን ዘግተው ሄዱ።"

አፀደ እሳቸውን ብቻ ታያለች።

ጋሽ ብዙነህ ለማስታወስ ሞከሩ። በሰመር ቫናቸው ውስጥ ውሃ አይጠፋም፤ መብራት ላይ ለቆሙት ያድላሉ፤ ይህንንም አንድ ሁለቴ በቤተ ክርስቲያን አውርተውታል። እጅ ትዝ አላቸው። የተዘረጋ እጅ፣ የቆሸሸ እጅ፣ የወንድ እጅ፣ የሴት እጅ። ከእጁ በላይ ያለውን ፈለጉ፤ አንድ ፊት፣ አንድ ዓይን እንኳ ቢመጣላቸው ብለው ፈለጉ። አልመጣም።

"አላስታውስም ልጄ" አሉ። እውነታቸውን ነበር።